በገለባው ወገን የሚቆመው ሰው

ከባለቤቴ ከመርሻ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር የመውቂያ ማሽኑን ወንፊት ማጽዳት ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ጠዋት። ወንፊቱን ከማሽኑ ፈቶ ግቢያችን ካለው የውሃ በርሜል አፍ ላይ አጋደመው። የእጅ ሰዓቱን አወለቀና «ያዢልኝ፣ ውሃ እንዳይገባው» ብሎ ሰጠኝ፤ በሽርጤ ኪስ ከተትኩት። እኔ ወንፊቱን በአንድ ወገን ይዣለሁ፤ እሱ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የተሰገሰገው የማሽላ እብቅ እየተላቀቀ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሁለት ጊዜ ሳለ። ሳሉን ስለለመድኩት ቀና ብዬም አላየሁት። «በአንቺ በኩል ዘቅዝቋል፤ ቀና አድርጊው» አለኝ። ቀና አደረግኩት። ወንፊቱን መልሶ ገጠመና ቁርሳችንን በላን። ይኸው ነው። ሌላ የተባባልነው ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ።

በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረው። ታናሽ ወንድሙ ፈንታው በጀርባው አዝሎ እስከ አስፋልቱ ወሰደው። በሳምንቱ ቀበርነው። ሐኪሙ «ሳንባው ለብዙ ዓመት አቧራ ሲውጥ የኖረ ነው» አለን። ሰዓቱ ኪሴ ውስጥ ቀረ። እኔም መመለሱ ትዝ አላለኝም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

ይህ ማስታወሻ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስላደረግኩት የሦስት ቀን ጉዞ ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን ከቆቦ ወደ ሮቢት፣ አንድ ቀን ወደ ዋጃ፣ አንድ ቀን ወደ ዞብል ተራራ ሥር። በየምሽቱ ቤቴ እየተመለስኩ አድሬያለሁ። ቢሆንም በሕይወቴ ከዚህ የራቀ መንገድ የሄድኩ አይመስለኝም።

የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። መርሻ አንድ የመውቂያ ማሽን ነበረው። በትራክተር እያስጎተተ፣ ከአራት ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ከአውድማ አውድማ እየዞረ የገበሬውን ጤፍና ማሽላ ይወቃል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ሠሩ። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ማሽኑን ከአገዳ ክምር ሥር ደብቀው አትርፈውታል። መርሻ ሲሞት በአርባው ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት፣ ማኑቬላውን ለፈንታው ሰጠሁት። ማኑቬላ ሞተሩን አዙረው የሚያስነሱበት ቆልማማ ብረት ነው፤ እሱን የያዘ ሰው የሥራው አለቃ ነው። ፈንታው ከዚያ በፊት በመውቂያ ማሽን ሠርቶ አያውቅም፤ ገበሬ ነው። ግን ወንድም ነው። በእኛ ዘንድ የሟች ነገር ለወንድም ሲሰጥ ለምን የሚል የለም። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ እኔም ለመርሻ የመጨረሻውን መልካም ነገር ያደረግኩለት መሰለኝ።

በሁለተኛው ወር ሰዎቹ ተበተኑ። ማሽኑ ግቢዬ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ክረምቱን አሳለፈ። አንድ የወልድያ ነጋዴ ሊገዛኝ መጥቶ፣ «ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ ቁርጡን ንገሪኝ» ብሎኝ ሄደ። ጤፉ ሊታጨድ ነው። ሰዎቹ ከተመለሱ ማሽን ነው፤ ካልተመለሱ ብረት ነው። መርሻ አሥራ አንድ ዓመት የገነባው ብረቱን አልነበረም። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት ሦስት ሰዎችን ለማየት ተነሣሁ።

ረቡዕ፤ ሮቢት

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከጎረቤት አጣርቼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሒሳቡ ሃምሳ ብር ነው። ረዳቱ ጥቁር ልብሴን አይቶ ከፊት ያለውን ቦታ አስለቀቀልኝ። «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለኝ። እማማ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። አምና በዚህ ወቅት በዚሁ መናኸሪያ «እህት፣ ሮቢት ነሽ?» ይሉኝ ነበር።

ከከተማው ስንወጣ ሜዳው ተከፈተ። በግራም በቀኝም ማሽላ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ስለነበረ ራሱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል፤ ገሚሱ ቀልቷል፤ ገሚሱ ገና ነው። ከጎኔ የተቀመጡ ሰው ለራሳቸው ይሁን ለእኔ ሳይለዩ፣ «ይኼ ሁሉ ማን ሊወቃው ነው?» አሉ።

ጋሽ ደሳለን ያገኘኋቸው ከአስፋልቱ ዳር ሽንኩርት ሲለቅሙ ነው። ከመርሻ ጋር ከሠሩት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። ነዶውን ለማሽኑ አፍ የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ። አሁን በቀን ሥራ ተቀጥረው የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው እየለዩ ጆንያ ይሞላሉ። ሲያዩኝ ተነሥተው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«እንዴት ከረሙ፣ ጋሽ ደሳለ?»

«ይመስገን። ጥቁሩን አላወለቅሽም?»

«ዓመቱ አልሞላም።»

«እሱስ እውነት ነው።» የጆንያውን አፍ አሰሩና፣ «ነይ፣ አፍሽን አድርቀሽ አትሂጂ» አሉኝ።

አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን የማሽላ እንጀራ በሽሮ አዘዙ፤ ረቡዕ ነውና ጾም ነው። ብዙም አልበላሁም። ለምን ከፈንታው ጋር መሥራት እንደተዉ ጠየቅኳቸው።

«ነፋሱን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የወቂ ሚስት ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። እሳቸው ነገሩኝ። ማሽኑ አውድማ ላይ ሲቆም አንዱ ወገን ንጹሕ ነው፤ በሌላው ወገን ገለባውና እብቁ ይተፋል። እዚያ ቆሞ ገለባውን በመንሽ የሚያርቅ አንድ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ነፋሱ ወደዚያ ከነፈሰ ያ ሰው ቀኑን ሙሉ እብቅ ሲተነፍስ ይውላል።

«መርሻ ገና ሞተሩ ሳይነሣ አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ይበትናል። ነፋሱ ወዴት እንደወሰደው ያያል። ከዚያ መንሹን ያነሣና ‹እኔ ወዲያ ነኝ› ይላል። አለቀ። ሌላ ንግግር የለም። አንድም ቀን ‹አንቱ ወዲያ ሁኑ› ብሎኝ አያውቅም።»

«ፈንታውስ?»

«ፈንታውም በተነ። ማን እንዳስተማረው እንጃ፣ ብቻ በተነ። አየና ‹አንተ ሽማግሌ፣ ወዲያ ሁን› አለኝ። እሱ ስልኩን ይዞ ከግራሩ ጥላ ገባ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደረቅ ነበር። «አንተ! ባለ አውድማው እየሰማ። ያ ገበሬ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ሰው ነው። በዓይኑ ሊያየኝ አፈረ።»

ከዚያ አንድ ነገር አጫወቱኝ። አንድ ዓመት የማሽኑን ቺንጋ፣ ሞተሩ የሚያዞርበትን ቀበቶ፣ ሳያጠብቁ ቀርተው በሥራ መካከል ተበጠሰ፤ የገበሬው ጤፍ ተዘርግቶ ደመና መጣ። ገበሬው ጮኸ። መርሻ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ጎንበስ አለ። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሌሎቹ ወደፊት እስኪያልፉ ጠብቆ፣ «ጋሽ ደሳለ፣ ዛሬ አሳፈሩኝ» አላቸው። ይህችን ብቻ። «ሁለተኛ ቺንጋ ሳልነካ ሞተር ተነሥቶ አያውቅም» አሉኝ።

ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሌላም አለ፤ አትቀየሚኝ። መርሻም በድሎናል።»

«በምን?»

«የዋጃው ባልደረባችን እንድሪስ ለመነው። ‹እብቁ ወገን በተራ እንቁም› አለው፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ስንት ጊዜ። ‹እኔ እያለሁ?› ብሎ ይስቃል። እኛም ዝም አልን።» እንጀራውን ወደ ጎን ገፉት። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፤ ደስ አለን። ሲያስል እየሰማን፣ እኛ አለመሆናችን ደስ አለን።»

አለቀሱ። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ወደ እኛ ዞሩ። እኔ አላለቀስኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ክረምት ሲወጣ ለግማሽ ከተማ የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ። ለመርሻ አንድ የአፍ መሸፈኛ ሰፍቼለት አላውቅም። በፎጣው ጫፍ አፉን እንደሚሸፍን አውቅ ነበር፤ ፎጣውን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ከውስጡ የሚወጣውን ጥቁር ውሃ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ሳሙናው እንዳለቀ ነው።

ጋሽ ደሳለ ወደ ሽንኩርታቸው ከመመለሳቸው በፊት መልሳቸውን ሰጡኝ። «ማኑቬላው እንድሪስ እጅ ከሆነ እመጣለሁ። ፈንታው እጅ ከሆነ ሽንኩርቱ ይሻለኛል፤ ቢያንስ አይሰድበኝም።»

ሐሙስ፤ ዋጃ

በማግስቱ ወደ ሰሜን ሄድኩ። እስከ ዋጃ ሰማንያ ብር ከፈልኩ። በመንገድ ላይ አንድ ቦታ ወርደን መታወቂያ አሳየን፤ እንደገና ተሳፈርን። አንዲት ሴት ዶሮዎቿን እግራቸውን አስራ ከእግሬ ሥር አስቀምጣ ነበር፤ ስንወርድ ዶሮዎቹ ብቻ ቀሩ። «የእነሱ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ታድለው» አለች፤ ሁሉም ሳቀ።

በዋጃ አካባቢ መሬቱ በከርሰ ምድር ውሃ የሚለማ ስለሆነ ከማሽላው መሐል አረንጓዴ ሽንኩርትና ቲማቲም ብቅ ይላል። አገዳ የተጫኑ ግመሎች በአስፋልቱ ጠርዝ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ከግመሎቹ ኋላ የሚሄደውን ሰው ከመኪናው መስኮት አየሁት። እንድሪስ ነው። ሚኒባሱን አስቁሜ ወረድኩ።

«ያ አላህ! አንቺ ነሽ?» አለና ዱላውን ጣለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። «ልመጣ እያልኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ...»

«ይኸው እኔ መጣሁ።»

ቤቱ ቅርብ ነው። ሚስቱ ዘሃራ በሩ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባዬን አሸችው። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ባሏን ጠቆመችው። «አየሽው? ከማሽን ተፋቶ ግመል አገባ። ማሽኑ እንኳ ሲቆም ዝም ይላል፤ የዛሬዋ ሚስቱ ቆማም ትጮኻለች።»

«ግመሏ ካንቺ ያነሰ ትጮኻለች» አላት።

ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ የማሽላ ቂጣና ወተት አቀረቡልኝ። ከሮቢቱ ምግብ ይልቅ ይህን በላሁ። እንድሪስ ከመርሻ ቀጥሎ የነበረው ሰው ነው። ሞተሩ ሲታመም ከድምፁ ብቻ የሚያውቅ እሱ ነው። እሱ ከመጣ ሌሎቹ ሁለት የዋጃ ሰዎችም አብረውት ይመጣሉ። የመጣሁበትን ነገርኩት። ዘሃራ ወተቱን እየጨመረችልኝ ሰማች።

«በፈንታው ላይ ብቻ አትፍረጂ» አለኝ።

ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

«ፈንታው ባዶ እጁን ነው የገባው። መርሻ ሲሞት የሚቀጥለው አውድማ የማን እንደሆነ የምናውቅ ሰው አልነበረንም። ለማን ምን ቀን እንደተባለ ሁሉም በእሱ ሆድ ነበር። ገበሬው ‹ነገ የእኔ ተራ ነው› እያለ ይመጣል፤ ፈንታው ግራ ይገባዋል፤ ለሁሉም ‹እሺ፣ ነገ› ይላል። አንድን ቀን ለሦስት ሰው ሰጠ። ከዚያ ዘመዱን አስቀደመ። የሚጠብቀው ተቆጣ። እሱም ቁጣውን ወደ እኛ አዞረው።»

«አንተ ሞተሩን ታውቀው የለ? ለምን አላገዝከውም?»

እንድሪስ መሬት መሬት አየ። ዘሃራ ጎነጠችው። «ንገራታ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የነገርከኝን ለእሷ ንገራት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ማኑቬላውን አንድ ቀን እንኳ ‹እንካ፣ ዛሬ አንተ አስነሣው› አላለኝም» አለ በመጨረሻ። «እንደ ወንድሜ ነበር። ስታመም በሬን ሳይከፍት አያድርም። የድካሙን ዋጋ ከእኛ እኩል እንጂ አስበልጦ ወስዶ አያውቅም። ግን ሥራውን አላሳየኝም። ‹አንተ አትድከም› ይለኛል። አለመድከም ደስ ይላል፤ ግን ሰውዬው ሲሄድ እጅህ ባዶ ይሆናል። እኔም ፈንታው ሲጠፋበት ‹እንግዲህ ወንድሙ አይደለህ፣ ተወጣው› ብዬ ቆሜ አየሁት። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው።»

ውጭ ግመሏ ጮኸች። ዘሃራ ባሏን አየችው እንጂ አልሳቀችም።

እንድሪስ ማኑቬላውን የሚቀበለው እንዴት እንደሆነ ነገረኝ። በእብቁ ወገን ሁሉም በተራ ይቆማል፤ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፤ እሱም ጭምር፤ «እኔ እያለሁ» ብሎ ነገር የለም። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌ የመረቀውን ከኋላ ገብቶ አይነጥቅም፤ ፈንታው በገዛ እጁ መስጠት አለበት።

«ፈንታውም አብሮን ይምጣ» አለኝ ሲሸኘኝ። «የመርሻን ወንድም አባረን የምንሠራው ሥራ በረካ የለውም።»

«ጋሽ ደሳለ እሺ ይላሉ?»

«ጋሽ ደሳለን ለእኔ ተይልኝ። ሽንኩርት ሲለቅሙ ከማልቀስ ከእኛ ጋር ይሳቁ እላቸዋለሁ፤ ይስቁና ይመጣሉ።»

ዘሃራ አምስት ራስ የማሽላ እሸት በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ሚኒባስ ስጠብቅ አንዱን ፈልፍዬ ቀመስኩ። መርሻ እሸት ሲጠብስ ገሚሱን እያሳረረ ያረረውን ራሱ ይበላ ነበር። ያረረው ይጣፍጠኛል ይል ነበር። ሃያ ዓመት አምኜው ኖሬያለሁ።

ዓርብ፤ ዞብል ሥር

የሦስተኛው ቀን መንገድ አስቸጋሪ ነው። ከቆቦ ወደ ምሥራቅ ባጃጅ ተኮናተርኩ፤ ሁለት መቶ ብር አለኝ፤ በመቶ ሃምሳ ተስማማን። ልጁ መስታወቱ ላይ እያየኝ፣ «እማማ፣ በዚህ ፀሐይ ጥቁር? ባጃጄ ይቀልጥብኛል» አለ።

«ቀዝቀዝ ሲል አወልቀዋለሁ።»

«መቼ ነው የሚቀዘቅዘው?»

«ታኅሣሥ ላይ» አልኩት። ገባውና ይቅርታ ጠየቀኝ።

ባጃጁ የማይሄድበት ሲደርስ ወርጄ የደረቀውን የወንዝ አሸዋ ተሻገርኩ። አሸዋው ጫማዬን ይውጠዋል። ፊት ለፊት የዞብል ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰዓት ያህል በማሽላው መካከል ሄድኩ፤ ማሽላው ከእኔ ስለሚረዝም የማየው ሰማይና አገዳ ብቻ ነው። የወንጭፍ ጩኸት ሰማሁና ወደ ድምፁ አመራሁ።

ፈንታው ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ይጠብቃል። ከሚያዝያ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ሲያየኝ ወንጭፉ በእጁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እትዬ፣ ልትረግሚኝ ነው የመጣሽው?» አለኝ ከላይ።

«መጀመሪያ ውረድ። አንገቴን አመመኝ።»

ወረደ። ከስቷል። ከመርሻ በስምንት ዓመት ያንሳል፤ ትከሻው ግን ቁርጥ የእሱ ነው፤ ሲሄድ ከኋላው ለማየት አቅም አጣሁ። ማማው ሥር ካለው ጥላ ተቀመጥን። ውሃ ሰጠኝ። ሮቢትና ዋጃ ሄጄ እንደነበር፣ የሰማሁትንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ጥላውን፣ ስልኩን፣ «አንተ ሽማግሌ» ያለውን ሁሉ።

«ሁሉም እውነት ነው» አለ። «ብቻ ሰንፌ አይደለም ጥላ የገባሁት።»

«ታዲያ ለምን?»

«ወደ አስፋልቱ ስወስደው በጀርባዬ ነበር። አፉ እዚህ።» ጣቱን ከጆሮው ሥር አደረገ። «ያን ትንፋሽ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። አንቺ ከኋላ ነበርሽ። ወንፊት ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጫቀጭ ነው። ማሽኑ ተነሥቶ እብቁ ሲወጣ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። እግሬ እምቢ ይላል። ፈራሁ። ‹ፈራሁ› ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። ስለዚህ ጮህኩባቸው።»

ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፈሩ። አላባረራቸውም።

«ማኑቬላውን ስሰጥህ ትችላለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም» አልኩት።

«ብትጠይቂኝስ? በሽማግሌ ፊት፣ በወንድሜ ተዝካር፣ አልችልም እል ነበር?»

«አትልም።»

«አልልም።»

ወደ ማማው ወጣ። የሄደብኝ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፎጣውን ለየሁት፤ መርሻ አፉን የሚሸፍንበት ነው። ማኑቬላው ውስጡ ነበር፤ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ቀብቶታል። ሥራው ከቆመ ጀምሮ በተኛበት ሁሉ ከራስጌው አድርጎት ኖሯል።

«ልመልሰው አስቤ ነበር። ግን ማን ፊት ብዬ? ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ‹አቃተኝ› ልበል? ሰው መጥቶ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር» አለ። ከዚያ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ከባድ ነው። ለአርባው ስሰጠው እንዲህ አልከበደኝም ነበር።

እንድሪስ ያለውን ነገርኩት፤ እሱም ጭምር እንዲመጣ እንደሚፈልግ፣ በእብቁ ወገን ግን ሁሉም በተራ እንደሚቆም። ፈንታው ተነሥቶ ወንጭፉን አዞረና ወፎቹን በተናቸው። ጀርባውን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ።

«ተራው ስንት ነው?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«የመጀመሪያው ለእኔ ይሁን። ሌላ ሰው ሲገባ ቆሜ ካየሁ እግሬ እንደገና እምቢ ይላል።»

ቤት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆቦ ገባሁ። ማኑቬላውን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር የመጣሁት፤ እዚያው የጠበቀኝ የባጃጁ ልጅ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ነጋዴው መጣ። ማሽኑን እንደማልሸጥ ነገርኩት። «ሴት ብቻዋን ምን ታደርገዋለች?» አለኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነገርኩትና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። የመርሻን ልብሶች ለነዳያን ስሰጥ አንድ ነጭ ኩታ አስቀርቼ ነበር። አውጥቼ ብዙ ጊዜ አየሁት። ቆረጥኩት። በአራት እጥፍ፣ በጆሮ የሚንጠለጠል የአፍ መሸፈኛ ሰፋሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት። መቀሱ ኩታው ውስጥ ሲገባ የሰማሁትን ድምፅ አልጽፈውም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በቀላሉ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ቀላል ግን አይደለም። መሪ ማለት ምን እንደሆነ ከመርሻ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ክፉውን ራሱ የሚወስድ፣ ሰውን በሰው ፊት የማያዋርድ። አሁንም ያን አምናለሁ። ፈንታው ያን ስላላደረገ ሰዎቹን አጣ። መርሻ ግን ትርፉን እኩል አካፈለ እንጂ እብቁን አላካፈለም። ሥራውንም አላካፈለም። ሰዎቹ ወደዱት፤ እሱ ሲወድቅ ግን ማንም መንሹን ማንሣት አልቻለም። እኛም የምንወደው ሰዎች ደግነቱን አይተን ተመቸን፤ ሳሉን ሰምተን ለመድነው። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ማንም «በቃህ፣ ና ውጣ» አላለውም። እኔም አላልኩትም።

ከሳምንት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ፈንታው ማኑቬላውን ለእንድሪስ በገዛ እጁ ሰጠው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ማሽኑ ከሮቢት ውጭ አንድ የጤፍ አውድማ ላይ ቆመ። እኔም ሄድኩ። የማን አውድማ በየትኛው ቀን እንደሆነ ሁሉም እንዲያየው በካርቶን ላይ ተጽፎ ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። እንድሪስ ማኑቬላውን ለጋሽ ደሳለ አቀበላቸውና «ዛሬ እርስዎ ያስነሡት» አላቸው። ከዚያ እፍኝ ገለባ አንሥቶ ወደ ላይ በተነ። ሁላችንም ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው አየን። ፈንታው የኩታውን ቁራጭ አፉ ላይ አጥብቆ መንሹን አነሣ። ወደ እብቁ ወገንም ሄደ።

የመርሻን ሰዓት በእጄ ላይ አስሬ ነበር። ለእኔ ሰፊ ስለሆነ በክር አጠበብኩት። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ፣ የሞተሩን ድምፅ እስኪያልፍ ጮክ ብዬ፣ «ፈንታው! በቃህ፤ ና ውጣ!» አልኩ። ወጣ። እንድሪስ ገባ።

አሁን በመውቂያ ቀን የምሠራው ይህን ነው። አውድማው ዳር ቆሜ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ስም እጠራለሁ።